ጅንባርን በየካቲት አትፈልጉት

ሁለት ወር ቢሆነው ነው፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስላለው ስለ ጅንባር ፏፏቴ እዚህ ዓምድ ላይ አንድ አንቀጽ ጣል አድርጌ ነበር። አንድ አንቀጽ! ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለሱ ሆነ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለሱ ለቅቄያለሁ። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች ጨፍልቄ አንድ አድርጌአቸዋለሁ፤ ስድብ ያለበትን አንዱን ደግሞ ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ ስድስት የሥራ ባልደረቦች ነን። ለፋሲካ እረፍት ወደ ጅንባር ለመሄድ ብር ማዋጣት ጀምረናል። ቪዲዮ አይተን ነው፣ አበደናል ማለት ይቻላል። ሐሳባችን በእግር ፏፏቴው ሥር ድረስ ወርደን፣ ዋኝተን፣ ፎቶ ተነስተን በሁለት ቀን መመለስ ነው። ይበቃናል? (ሳ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩን ማዋጣቱን ቀጥሉ። ሌላው ግን ከሥሩ መታረም አለበት።

መጀመሪያ ወሩ። እኔም እንደናንተ ተታልያለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በየካቲት ነበር፤ አስጎብኚያችን «እዚያ ጋ ነው» ብሎ በጣቱ ሲያሳየኝ ገደሉ ላይ ያየሁት አንድ ቀጭን እርጥብ መስመር ነው። ግድግዳ ላይ ዝናብ ያፈሰሰ ጣራ የሚተወው ዓይነት። ንፋስ ሲመጣ እሱም መሬት ሳይደርስ ይበተናል። «ፏፏቴውስ?» አልኩት። «ይኸው» አለኝ። ልጁ ምን ያድርግ፣ ወሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጅንባር ወንዝ ውሃውን የሚሰበስበው ከገደሉ በላይ ካለው ሜዳና ተራራ ነው። ከኋላው ሐይቅ የለም፣ በረዶ ተራራም የለም። ጓሳውና ረግረጉ ክረምት የጠጣውን ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይለቅለታል፣ እሱ ሲያልቅ ወንዙም ያልቃል። ጢስ ዓባይ እንኳ ጣና የሚያህል ጎተራ ከኋላው ይዞ ነው የሚፈሰው (እሱን የሚያደክመው ሌላ ነገር ነው፣ ውሃው ለመብራት ማመንጫ ስለሚጠለፍበት)። ጅንባር ግን ያለ ዝናብ ምንም የለውም። ፋሲካ ሲደርስ በጋው ያንን ወንዝ ጠጥቶት ጨርሷል።

ስለዚህ ፏፏቴ ነው የምንፈልገው ካላችሁ መስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሂዱ። ዝናቡ አቁሟል ወይም ሊያቆም ነው፣ ወንዙ ግን ገና ሙሉ ነው። ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው የበለጠ ነው ግን ጉሙ አያሳያችሁም። አንድ ነሐሴ ላይ መመልከቻው አፋፍ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሜ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ተመልሻለሁ። ከፊቴ ነጭ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጉምጉምታ። ያም ቢሆን ደስ ይላል፣ ለጓደኛ የምታሳዩት ፎቶ ግን አይኖርም።

ሁለተኛ፣ መዋኘቱ። ሥሩ ድረስ የሚያወርድ የእግረኛ መንገድ የለም። ፏፏቴው 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ የሚገባው የግጭ ገደል ወደሚባለው ጥልቅ ሸለቆ ነው፤ እናንተ የምታዩት ከሸለቆው ማዶ ቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ነው። ቪዲዮው ላይ ቅርብ የሚመስለው በድሮን ስለተቀረጸ ይሆናል። (ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ጣጣው ከአዲስ አበባ ይጀምራል።) ውሃውን በእጃችሁ የምትነኩት ከሳንቃ በር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ስትሄዱ፣ መንገዱ ወንዙን ከፏፏቴው በላይ በሚሻገርበት ቦታ ነው። እዚያ ቁጭ ብላችሁ ምሳ ብሉ፣ እግራችሁን ንከሩ። ብርዱ ከደቂቃ በላይ አያስቀምጣችሁም። ከዚያ ወንዙን ተከትላችሁ ወደ ታች፣ «እስቲ አፉ ጋ ደርሰን እንይ» የሚል ጀግና ከመሃላችሁ ከተነሳ ግን ልብሱን ይዛችሁ መልሱት። የረጠበ ድንጋይ ነው፣ ገደል ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

ሦስተኛ፣ ሁለት ቀን አይበቃም። በመኪና ደርሶ መልስ ከሆነ እርግጥ ይቻላል፦ ከደባርቅ በማለዳ ተነስታችሁ፣ ሳንቃ በርን አልፋችሁ መኪናውን መንገድ ዳር ታቆሙና ግማሽ ሰዓት ገደማ በእግር ሄዳችሁ መመልከቻው ጋ ትደርሳላችሁ። ያው አያችሁ ይባላል። እኔ ግን አራት ቀን ስጡት ባይ ነኝ። የመጀመሪያውን ቀን ከጎንደር ደባርቅ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ፣ መግቢያ ከፍላችሁ፣ ስካውት (ጠብመንጃ ይዞ አብሯችሁ የሚሄድ ጠባቂ) እና አስጎብኚ ይዛችሁ እዚያው እደሩ። በሁለተኛው ቀን በመኪና እስከ ቡይት ራስ ሂዱና ከዚያ የገደሉን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ሳንቃ በር በእግር። ሳንቃ በር ካምፕ 3,250 ሜትር ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጉም ሳይነሳ፣ ጅንባር። ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግራችሁ ሽቅብ ወደ ግጭ ካምፕ፣ 3,600 ሜትር። ያቺ የመጨረሻዋ ዳገት ታስለቅሳለች፣ ከአሁኑ እወቁት። በአራተኛው ቀን እሜት ጎጎ የሚባለው አፋፍ ላይ ወጥታችሁ፣ 3,926 ሜትር ነው፣ ወደ ጨነቅ ካምፕ ወርዳችሁ መኪናችሁ እዚያ ይጠብቃችሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከጅንባር ይልቅ እሜት ጎጎን ወድጄ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ሦስት ወገኑ ባዶ ነው። ፏፏቴው ግን ሰበብ ሆኖ አወጣኝ።

ስንቅ በተመለከተ ደባርቅ የማይገኝ ነገር ጥቂት ነው፤ የምግብ አብሳይም እዚያው ይገኛል። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ከቤት ያዙ። ከመካከላችሁ የሚጾም ካለ አብሳዩን ቀድማችሁ ንገሩት፣ እላይ ከወጣችሁ በኋላ ሽሮ ከየት ይመጣል። ማገዶ ከፓርኩ ውስጥ መቁረጥ አይፈቀድም፣ ቡታ ጋዝ ይዛችሁ ግቡ። አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ እየቆረጥን ሻይ አፍልተን ፏፏቴው ለምን ደረቀ ብንል አያምርም።

ጥያቄ፦ ጠብመንጃ ለያዘ ሰው ለምንድነው የምንከፍለው? የገዛ አገራችን አይደለም እንዴ? እኔ ገጠር ነው ያደግኩት፣ ተራራ አላጣሁም። (በ.፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስካውቱ ግዴታ ነው። ፈረንጅም ሆንክ የደባርቅ አማች፣ ፓርኩ ውስጥ ለመጓዝ አብሮህ ስካውት ይወጣል። በዚህ አትከራከር፣ ደባርቅ ላይ ግማሽ ቀንህን ይበላብሃል።

ግን ስለ ጠብመንጃው ተወውና ስለ ሰውየው ላውራህ። የኔ ስካውት ዕድሜያቸው ስልሳ የሚሆን አባት ነበሩ። ጋቢ፣ ዱላ፣ ክላሽ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ። እኔ ከውጭ የመጣ ውድ የተራራ ጫማ አድርጌ በየድንጋዩ እንሸራተታለሁ፣ እሳቸው በኮንጎ ፊቴ ፊቴ እየሄዱ «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ» ይሉኛል። ውጭ አገር ሰው ስካውቱን በምልክት ነው የሚያናግረው። አንተ ቋንቋ አለህ። ይሄን ዕድል አታባክን። የቱ ዛፍ ለምን እንደሚሆን፣ ዋልያ የሚወጣው በየት በኩል እንደሆነ፣ የቱ ጉም እንደሚበተንና የቱ እንደሚዘንብ፣ እነሱ ያውቁታል።

አንድ ነገር ብቻ። ብዙዎቹ ስካውቶች የሚይዙት ስንቅ ትንሽ ነው። ምግብ ስታስብ ለነሱም አስብ። ማታ ላይ ስድስት ሰው ድንኳን ውስጥ ፓስታ እየበላ አንድ ሽማግሌ ውጭ ቆሎ ሲቆረጥሙ ማየት ነውር ነው፣ እኔ አይቻለሁ፣ አፈርኩ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፍልህ። የ13 ዓመት ልጅ አለኝ፣ አገሩን በሥርዓቱ አላየም። እሱ «አባዬ ተራራ እንውጣ» ይላል፣ እኔ ከፍታ እፈራለሁ፣ እናቱ ደግሞ እላይ ትንፋሽ ያጥረዋል ብላ ትሰጋለች። እረፍት የምናገኘው በሐምሌና በነሐሴ ወይም በፈረንጅ ገና ነው። ምን ትመክረናለህ? (ተ.)

መልስ፦ ከሁለቱ ገናውን ምረጥ። የልጅህ እረፍት በኛ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይውላል። ውሃው ያኔ ቀጥኗል፣ ግን አለ፤ ሰማዩ ደግሞ ጥርት ያለ ነው፣ ቆላው ድረስ ይታያል። ማታው ይበርዳል። ይበርዳል ስልህ እንደ አዲስ አበባ ብርድ እንዳይመስልህ፣ ግጭ ላይ ጠዋት ሳሩ አመዳይ ለብሶ ነው የምታገኘው። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ቀን ላይ ግን ፀሐዩ ያቃጥላል። ጥቁር ነን ብለህ ቅባቱን አትናቀው፣ አፍንጫዬ ተልጦ ያውቃል።

ስለ ትንፋሽ የልጁ እናት ልክ ናት። እናንተ የምትነሱት ከባሕር ወለል ነው። በአውሮፕላን ገብታችሁ በማግስቱ 3,600 ሜትር ላይ ብታድሩ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ይሄ ከጉልበት ጋር አይገናኝም፤ ጂም የሚሰራው ጎረምሳ ይወድቅና አያቱ ትወጣለች። አካል አየሩን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፣ በቃ። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ዘመድ ጠይቁ (ለዚህ ማሳመኛ አያስፈልጋችሁም)። አንድ ሌሊት ጎንደር፣ አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ እሱ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ሳንቃ በር እደሩ። ልጁ እዚያ ደህና ካደረ ወደ ግጭ ይውጣ፤ ራሱን ካመመው በዚያው ከፍታ አንድ ቀን ይረፍ። ካልተሻለው ውረዱ። ውሃ በብዛት ይጠጣ። አረማመዱ ሲንገዳገድ፣ ንግግሩ ሲምታታ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ሲያጥረው ካየህ ግን እስኪነጋ ብለህ አትጠብቅ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች። ለዚህ ነው በቅሎ ተከራዩ የምለው። ሻንጣ ብቻ አይደለም የምትጭነው፣ የታመመ ሰውም ታወርዳለች። አሴታዞላሚድ ስለሚባለው ኪኒን ከመነሳታችሁ በፊት የልጁን ሐኪም ጠይቁ፣ እኔ ኪኒን አላዝም።

ለልጁ የሚደንቀው ፏፏቴው ላይሆን ይችላል፣ ተዘጋጅ። የኔ እህት ልጅ ጅንባርን ለሁለት ደቂቃ አይቶ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጋ ሦስት ሰዓት ተቀምጧል። መቶ፣ ሁለት መቶ ሆነው ሜዳ ላይ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣ እንደ ጎመን ቀንጣሽ። ወንዱ ጎፈሩን አንበሳ አስመስሎ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም አይገኙም። ሲመሽ ደግሞ ያ አንተ የምትፈራው ገደል ላይ ተራ በተራ ወርደው፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው ያድራሉ። ዕድል ካለው ጨነቅ አካባቢ ዋልያም ያያል፤ እዚያ ተራራ ላይ ካልሆነ በዱር የትም የለም። ኳስ ከወደደ የብሔራዊ ቡድኑ ስም ከየት እንደመጣ ንገረው።

ስለ ፍርሃትህ ደግሞ አልዋሽህም። የጅንባር መመልከቻ እንደ ምላስ ወደ ገደሉ የወጣ ጠባብ ቦታ ነው፣ አጥር የለውም። እስከ ጫፉ መሄድ ግን ግዴታ አይደለም። ራቅ ብለህ ቁጭ በል፣ ከዚያም ይታያል። ልጅህን ከስካውቱ ጋር ላከው፣ አንተ ከኋላ ሆነህ ጸልይ። ብዙ አባቶች እንዲያ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ሰሜን ተራሮች እሄዳለሁ ብላ ተነስታለች። መንገዱ ሰላም ነው? ልከልክላት? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እናታችን፣ ይሄ መጽሔት እጅዎ እስኪገባ ድረስ ነገሩ ሊቀያየር ስለሚችል ከዚህ ሆኜ ሰላም ነው ወይም አይደለም ብልዎ አጉል ደፋር መሆኔ ነው። ክልሉ ያሳለፈውን እርስዎ ያውቁታል። ልጅዎ ከመነሳቷ በፊት ባለው ሳምንትና በዋዜማው ጎንደርና ደባርቅ ያለ ሰው ትጠይቅ፦ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት፣ አስጎብኚዋን፣ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን። ከሁሉም ሾፌሮቹን እመኑ፣ መንገዱ ላይ የሚውሉት እነሱ ናቸው። አንዳቸው እንኳ «ትንሽ ቆዩ» ካሉ ትቆይ። እስከ ጎንደር በአውሮፕላን ብትሄድ ብዙ መንገድ ይቀንስላታል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም በቀን ብቻ ትጓዝ። ፓርኩ ውስጥ በብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም። ሁለት ቀን ድምጿ ቢጠፋ እንዳይደነግጡ ከወዲሁ ተነጋገሩ፣ መቼና ከየት እንደምትደውል ይቀጣጠሩ።

መከልከሉን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጭላዳ ይነክሳል? ሙዝ ብሰጠውስ? (ስም የለውም)

መልስ፦ የወንዱን ክራንቻ አንድ ጊዜ ሲያዛጋ ካየኸው ሁለተኛ አትጠይቀኝም። ካልተጠጉት አይነካህም። ሙዙን አንተ ብላው፣ እሱ ሣር አለው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ጊዜ ስለ ጅንባር ስትጽፍ «ወደ ካምፑ ስትወጡ ግጭ መንደር ገብታችሁ ቡና ጠጡ» ብለሃል። እኔ የግጭ ልጅ ነኝ። እዚያ አሁን ቡና የሚያፈላ ሰው የለም። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የሄድከው? (ከደባርቅ)

መልስ፦ ያዝከኝ። የጻፍኩት ከድሮ ማስታወሻዬ ላይ ነው፣ አጣርቼ መጻፍ ነበረብኝ።

ላልሰሙት፦ ግጭ መንደር እዚያው ፓርኩ ውስጥ፣ ከካምፑ አጠገብ ነበር። ከወንዙ ሽቅብ ስትወጡ ክብ ክብ የሣር ቤቶች፣ የገብስ ማሳ፣ በየደጁ ሕፃናት። መንገደኛ ሁሉ እዚያ አረፍ ይልና ቡና ይጠጣል። ፓርኩ በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መንደሩ ነበረ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ሰፈራው፣ እርሻውና የከብቱ ግጦሽ ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ቦታ አሳጣ ተባለ። በ2016 የግጭ ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ሣሩ ተመልሷል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገብስ የነበረበት ላይ ጭላዳ ይነጫል። ጥሩ ነው። ግን ዳገቱን ጨርሰህ፣ ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ያ መንደር የነበረበት ጋ ስትደርስ ዝም ያለ ነው። ጓደኛዬ «ምን ነበር እዚህ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ የጠረገ እጅ ይታያል፣ ሰው አይታይም።

በደብዳቤህ መጨረሻ እናትህ ደባርቅ ላይ፣ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ ቡና እንደሚያፈሉ ጽፈሃል። እንግዲህ ያንን አንቀጽ እንዲህ አስተካክሉልኝ፦ ወደ ላይ ስትወጡ ቡና የለም፣ በፔርሙስ ያዙ። ስትመለሱ ደባርቅ ገብታችሁ የግጭ እናቶች ጋ ጠጡ። እኔ በጥቅምት እመጣለሁ፣ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልነሳም በላቸው።